የጠፋች ዓይን

ከዚራ፣ ኒሞቹ ሥር፣ ካንድ አሮጌ ግድግዳ
ቀለም ስፍቅ ዋልኩኝ፦ እንግዳ በእንግዳ።
ላይኛው የስልክ ካርድ፣ ቀጥሎ የሶዳ፣
ከሥሩ ያረጀ የመድን ሰሌዳ፣
ከሁሉም በታች ግን አንዲት ፊደል፣ «ዳ»፤
የ«ዳቦ» መጀመሪያ። አንገቷን አቅንታ
እንደ መስፍን ሚስት ባንድ እግሯ ተኩራርታ።

የሙሴ ኦትማር እጅ ነው። ጋሽ ኢብሳ፣ አላህ ይዘንለት፣
ልጅ ሆኖ ቀለሙን በድንጋይ የፈጨለት፣
ጉንጩን በጫት ወጥሮ አጫውቶኛል ያን ለት።

ጀርመን አገር ነበር፤ ግዛቷ ጠባብ፣ ስሟ ረጅም፤
በጧት ፈረስ የጫነ፣ ለምሳ ድንበሯን አያጣም።
እዚያ የግቢ ሠዓሊ ሆነ በሃያ ሦስት ዓመቱ፤
የከፋይ ካባ ተሰጠው፣ ሻማና ማገዶ ከነቤቱ።
ሥራው መስፍኑን መሣል ነው። ሠላሳ አንዴ ሣለው፤
አፍንጫው ቢጎብጥ አቃናው፣ ቦርጩ ቢገፋ ሸሸገው።
የሞተች ልጃቸውን እንኳ፣ ካንድ ዘለላ ጠጉር ተነሥቶ፣
በየልደቷ አሳደጋት፣ እጇ ላይ አበባ ሰጥቶ፣
እስከ ሙሽርነቷ።
ከዚያ ተወ። ባል ከየት ያምጣላት?

ጦርነቱ አለቀ። መስፍኑ በጓሮ በር ወጣ፣ ጃንጥላውን ራሱ ይዞ፤
አዲሶቹ ሹማምንት ገቡ፤ አንዱ ጸሐፊ ወረቀት መዝዞ
«ሥዕል ሠላሳ አንድ፣ ካባ አንድ» ብሎ ቆጠረ።
ካባውን ተወለት። ደመወዙ በዚያው ቀረ።

ከጅቡቲ በባቡር፣ ባንድ ሳጥን ብሩሽ ለገሃር ወረደ፤
ድሬ ካባውን አስወለቀችው፤ ቀለሙ በቱቦው ውስጥ ነደደ።
ተልባ ገዝቶ ዘይቱን ሲያስጨምቅ የመጋላ ሰው አዘነ፤
«ምስኪን! ሆዱ ደርቆበት ነው» አለ። ያ ተልባ ዳቦ ቤት ሆነ፣
ፀጉር ቤት ሆነ፣ ልብስ ሰፊ ሆነ። ሙሴ ፊደል አያነብ፣
ግን ያየውን ፊደል ሁሉ መስፍን ነው ብሎ ያስብ፤
ለ«ጨ» ዘውድ ደፋላት፣ የ«ጠ»ን ወገብ አጠበበላት፣
የ«ሐ»ን ሦስት እግር ጫማ አልብሶ ለሰልፍ አሰለፈ፤
እንዲህ ሲያሳምር፣ ሲያሳምር፣ አሥር ዓመት አለፈ።

የጉምሩኩ ሹም፣ ቀኛዝማች አጥናፌ፣ አንድ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፤
«ያ ፈረንጅ መስፍን ሥሏል አሉ፤ እስቲ እኔን ይሥለኛል?»
ወር ተቀመጡለት፣ ጠዋት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይጠና።
በልማዱ ሣለ፤ በልማዱ አቃና፦
ሁለት ዓይን፣ ጥርት ያሉ፤ ባንደኛው መስኮቱ ያንጸባርቃል።
ቀኛዝማች ቆመው አዩት። ዝም። ኢብሳ ያን ዝምታ ያውቃል።

«ይኼ ሰው ማነው? ደህና ሰው ይመስላል። የማን ነው?
እናቴ ብታገኘው ‹እንደምን ዋሉ› ብላ ነው የምታልፈው።
በደህናይቱ ዓይኔ ሌላውን፣ በዚችኛዋ ራሴን አያለሁ፤
ሠላሳ ዓመት ተሸክሜያት፣ ተሸክማኝ ኖሬያለሁ።
ምን አደረገችህ፣ ሙሴ? ወር ሙሉ ፊት ለፊት አይተሃት፣
የጠፋች ዓይኔን ለምን አጠፋሃት?»

ኢብሳ በለገሃር ፈረንሳይኛው ተረጎመ፤ አንዱ ቃል አጠረው፤
ሙሴ ግን ገባው መሰል፣ ብሩሹን አነሣው፣ መልሶ አኖረው።

ሞራ እንዴት እንደሚሣል አያውቅም። ስድሳ ሊሞላው ነው፣
ጉድለት አልተማረም።
ኖራ ሞከረ፣ አመድ ሞከረ፣
ደቻቱ ሲደርቅ የሚተወውን ነጭ ጭቃ ጨመረ።
አንድ ሌሊት ኢብሳ ሲነቃ፣ ፋኖሱ ሥር ቁጭ ብሎ
የራሱን ዓይን በመስታወት ያያል፣ የዚያችን ልጅ ስም አንጠልጥሎ።

«ሥዕሉስ የት ደረሰ?» አልኩት። አንድ ቀን «ጎርፍ በላው» አለኝ፤
ሌላ ቀን «ልጃቸው ሸጠው»፤ ሌላ ቀን «ተው፣ አትነዝንዘኝ።»
ከዚያ ጉንጩን ቀየረ። ሲጋራውን ለኮሰ።
«ያቺ የጠፋች ዓይን ግን» አለ፣ «ታይ ነበር።» ጢሱን ተነፈሰ።

ባለሱቁ ታክቶታል። «ፍጠን፣ ደንበኛ ሊመጣ ነው!
ይቺን ምን ታሻሻታለህ? የምን ፊደል ነው?»
«የዳቦ» አልኩት። ሰማያዊ ነከርኩ። ከእግሯ ጀምሬ ሸፈንኳት።
አንገቷ ላይ ስደርስ ቀለም አለቀ።
እስከ ነገ ተውኳት።